ያገገሙት ልጆች አራተኛ ክፍል ሲደርሱ

የቄስ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ይቺን ነገር ያውቃታል። ልጁ የፊደል ገበታውን ጭኑ ላይ አስደግፎ፣ በስንደዶ እየጠቆመ «ሀ ሁ ሂ» እያለ ይወርዳል። ድምፁ ያምራል። አንዲትም አይስት። ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን ስንደዶው «ለ» ላይ ቀርቷል፣ አፉ «ሠ» ደርሷል። ልጁ የያዘው ዜማውን ነው። ፊደሉን ገና አላየውም።

የኔታም ይህን አሳምረው ስለሚያውቁ መላ ነበራቸው። ድንገት ከመሀል አንዷን ጠቁመው «ይቺ ማናት?» ይላሉ። ከዚህ ያመለጠውን ደግሞ አቡጊዳ ይጠብቀዋል። «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ»፤ ፊደሉ ያው ነው፣ ተራው ግን ተደበላልቋል። በዜማ የመጣ ልጅ እዚህ ይያዛል።

ቨርጂኒያ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ለማኅበረሰባችን ልጆች ፊደል አስቆጥራለሁ። አንድ ቀን አንዲት እናት ከልጇ ትምህርት ቤት የተላከ ወረቀት ይዛ መጣች። ልጁ አንደኛ ክፍል ነው። ንባብ ስለከበደው በየቀኑ 30 ደቂቃ ለብቻው ከአንዲት መምህርት ጋር እንዲቀመጥ ተመርጧል፤ ወላጅ ይፈርም ይላል ወረቀቱ።

«ጋሼ፣ ልፈርም ወይስ ይቅርብኝ? ይሻለዋል?» አለችኝ።

«አዎ» ብሎ መገላገል ይቻል ነበር። ግን እንዲህ ባለው ድጋፍ ላይ የተደረገው፣ እኔ የማውቀው ትልቁ ምዘና፣ ለዚሁ ጥያቄ ሁለት መልስ ነው የሰጠው። መጀመሪያ «አዎ፣ በጣም» አለ። ከዓመታት በኋላ ያው ተመራማሪ ተመልሶ መጥቶ ሌላ ነገር ተናገረ። ጉዳዩን ከሥሩ ላውራው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ፕሮግራሙ

ስሙ ሪዲንግ ሪከቨሪ ነው። በእኛ «የንባብ ማገገሚያ» ብንለው ያስኬዳል። ያመነጩት የኒውዚላንዷ ተመራማሪ ማሪ ክሌይ ናቸው፤ በ1970ዎቹ፣ ኦክላንድ ውስጥ። ሐሳባቸው ቀላል ነበር። አንደኛ ክፍል ላይ ከሁሉ ወደኋላ የቀሩትን ልጆች ቶሎ ለይ፤ ሽንፈት ሳይለምዱ ያዛቸው፤ አንድ ለአንድ አስተምራቸው፤ ከጓደኞቻቸው ጋር ሲስተካከሉ ልቀቃቸው። በ1984 ፕሮግራሙ ወደ አሜሪካ ተሻገረና ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ ሥር ሰደደ። ከዚያ ወዲህ ከ2 ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ልጆች አልፈውበታል።

አንዱን ትምህርት ቀርበን እንየው። መምህርቷና ልጁ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ልጁ መጀመሪያ የለመዳቸውን ትናንሽ መጻሕፍት ያነባል፤ ይህ ማሟሟቂያ ነው። ቀጥሎ የትናንቱን አዲስ መጽሐፍ ብቻውን ያነብባል። መምህርቷ አፏን ዘግታ ወረቀት ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ ለትክክለኛው ቃል ራይት፣ ለሳተው ደግሞ ልጁ በምትኩ ምን እንዳለ። ከዚያ ማግኔት ያላቸው ፊደላት ሰሌዳ ላይ እየለጠፉ ቃል ይሠራሉ። ልጁ ከራሱ አፍ አንድ ዓረፍተ ነገር ያወጣል፣ ይጽፈዋል። መምህርቷ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በቀጭን ወረቀት ላይ ጽፋ በመቀስ ትቆራርጠዋለች፤ ልጁ መልሶ ይገጣጥመዋል። መጨረሻ ላይ አዲስ መጽሐፍ ይከፈታል። 30 ደቂቃው አለቀ። ይህ በየቀኑ፣ ከ12 እስከ 20 ሳምንት ይቀጥላል።

የመምህራኑ ሥልጠናም አንድ ዓመት ሙሉ ይወስዳል። አንዷ መምህርት ከአንድ ወገን ብቻ በሚያሳይ መስታወት ጀርባ ልጅ ታስተምራለች። ባልደረቦቿ በወዲያኛው ክፍል ቁጭ ብለው እያዩ ይከራከራሉ፤ «አሁን ለምን ዝም አለች?» «ለምን አልጠበቀችውም?» እኔ ለመምህራን ሥልጠና ከሰማኋቸው ነገሮች ሁሉ የሚያስቀናኝ ይሄ ነው። የእኛ ሥልጠና ብዙ ጊዜ አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ውሃና አበል ነው።

ግን ይህ ሁሉ ውድ ነው። አንድ መምህር፣ አንድ ልጅ። በግልጽ ቋንቋ መንግሥት የሚከፍልለት የግል አስጠኚ ማለት ነው። ስለዚህ «እውነት ይሠራል?» የሚለው ጥያቄ ከጅምሩ አብሮት ነበር።

የመጀመሪያው መልስ

በ2010 የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ውጤት ያሳዩ ፕሮግራሞችን ለማስፋፋት ባወጣው ገንዘብ፣ ሪዲንግ ሪከቨሪ 45 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አገኘ። ገንዘቡ ቅድመ ሁኔታ ነበረው። ከውጭ በመጣ ገለልተኛ ቡድን መመዘን አለበት። ሥራው በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ለሚመራ የምርምር ጥምረት ተሰጠ። ዋናው ተመራማሪ ሄንሪ ሜይ ናቸው፤ የደላዌር ዩኒቨርሲቲ ሰው።

አሠራሩን የአዲስ አበባ ሰው ቶሎ ይረዳዋል። ዕጣ ነው፣ እንደ ኮንዶሚኒየም። በየትምህርት ቤቱ ዝቅተኛ ነጥብ ያመጡ ስምንት ልጆች ይለያሉ። በችሎታ ተቀራራቢ የሆኑት ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመራሉ። ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱ በዕጣ ወዲያው ይገባል፤ ሌላው እስከ ዓመቱ አጋማሽ ወረፋ ይጠብቃል። አጋማሹ ላይ ሁለቱም ይፈተናሉ።

ዕጣ ለምን? ዕጣ ባይኖር መምህሩ ይመርጥ ነበር። ምናልባት እናቱ የምትጨቀጭቀውን ልጅ ይወስዳል። ምናልባት «ይሄስ ተስፋ አለው» ያለውን ይወስዳል። ከዚያ ልጁ ሲሻለው ያሻለው ፕሮግራሙ ይሁን እናቱ ማን ያውቃል? ዕጣ ይህን ጭቅጭቅ ይዘጋል።

ሌላም ጥሩ ነገር ነበረው። ፈተናው ከፕሮግራሙ ጓዳ የወጣ አልነበረም፤ የአይዋ ፈተና የሚባል፣ ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዘመን የተጠቀሙበት የውጭ ፈተና ነው። ከዚያ በፊት በነበሩ ጥናቶች ላይ ዋናው ወቀሳ «በራሳችሁ ሚዛን መዝናችሁ ከብዷል አላችሁ» የሚል ነበር።

ምዘናው አራት ዓመት ወሰደ። በ1,222 ትምህርት ቤቶች 6,888 ልጆች ተሳተፉበት። ለአንድ የንባብ ፕሮግራም ይህ ግዙፍ ነው። ውጤቱም ደስ የሚል ሆነ። ፕሮግራሙ ውስጥ የነበሩት ልጆች በአምስት ወር ገደማ ያሳዩት ዕድገት ከአገሪቱ አማካይ የአንደኛ ክፍል ዕድገት 131 በመቶ ነበር። ከሁሉ ወደኋላ የቀሩት ልጆች ከአማካዩ ልጅ ፈጥነው ሄዱ ማለት ነው። ሪፖርቱ በ2016 ሲወጣ ደጋፊዎቹ ቢጨፍሩ አይፈረድባቸውም።

እዚህ ላይ ብናቆም የተሳካ የጉዳይ ጥናት ይሆን ነበር። ብዙው የፕሮጀክት ሪፖርትም እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው።

የጠፋው ማነጻጸሪያ

አንድ ቀዳዳ ነበረች። ወረፋ የጠበቁት ልጆች አጋማሹ ላይ ተፈትነው ሲያበቁ ተራቸው ደረሰና እነሱም ፕሮግራሙ ውስጥ ገቡ። ትክክልም ነው። ማንበብ ያቃተውን የስድስት ዓመት ልጅ «አንተ ለጥናቱ ስለምትፈለግ አትረዳም» ማን ይለዋል? ሕሊና ያለው ሰው አይለውም።

ግን ዋጋ አለው። ክረምት ሲመጣ ሁለቱም ወገኖች ድጋፉን አግኝተዋል። ማነጻጸሪያ የለም። ሦስተኛ ክፍል ሲደርሱ «ያ ድጋፍ ምን ጠቀማቸው?» ብትል፣ ዕጣው ከእንግዲህ አይመልስልህም። ስለዚህ እነ ሄንሪ ሜይ በሌላ በር መግባት ነበረባቸው። በሩንም ያዘጋጁት ከጅምሩ ነው፤ ይህ ያስመሰግናቸዋል።

በሩ የመቁረጫ ነጥብ ነው። የ12ኛ ክፍልን ማለፊያ አስቡት፣ 50 በመቶ። 49.7 ያመጣችና 50.2 ያመጣች ልጅ በእውቀት ይለያያሉ? አይለያዩም። አንዷ ቁርስ በልታ መጥታ ይሆናል። መንገዳቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ይለያያል፤ አንዷ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ ትገባለች። እንግዲህ እነዚህን ሁለት ልጆች ከአምስት ዓመት በኋላ ፈልጎ ማነጻጸር፣ ዕጣ ባይሆንም የዕጣ ዘመድ ነው። እዚህም እንደዚያው። ልጆች ከታች ጀምሮ በነጥባቸው ተሰልፈው ቦታው እስኪሞላ ይወሰዳሉ። ለጥቂት የገባውና ለጥቂት ያመለጠው ያው ናቸው። የሁለቱን የሦስተኛና የአራተኛ ክፍል የክልል ፈተና ውጤት ፈልጎ ማጋጠም ነው።

በሚያዝያ 2022 ሳን ዲዬጎ ላይ፣ በአሜሪካ የትምህርት ተመራማሪዎች ማኅበር ጉባኤ፣ ውጤቱ ቀረበ። ፕሮግራሙን ያገኙት ልጆች ካላገኙት አቻዎቻቸው በታች ሆነው ተገኙ። እኩል ሆነው ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ «ጥቅሙ ደበዘዘ» ይባላል፣ ደግሞም የተለመደ ነው። እነዚህ ግን ወደኋላ ቀርተው ነበር፤ በግማሽ የክፍል ደረጃ ገደማ። ሄንሪ ሜይ ራሳቸው ተገርመዋል። በ2016 መልካሙን ዜና ያመጡት እሳቸው ስለነበሩ «ድሮም ጠላት ነው» ሊላቸው የሚችል አልነበረም።

ታዲያ ምን ሆነ?

እዚህ ላይ ሰው ቶሎ ይፈርዳል። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ፈርጄ ነበር። ቀስ ብዬ ሳየው ግን ነገሩ ያን ያህል ቀጥ ያለ አይደለም።

አንደኛ፣ ልጆች ጠፍተዋል። ቤተሰብ ይለቃል፣ ትምህርት ቤት ይቀየራል፣ ክልሉ ፋይል አይሰጥም። በአራተኛ ክፍል ውጤታቸው የተገኘው ጥቂቶቹ ናቸው፤ የአብዛኞቹ አልተገኘም። ፕሮግራሙን የሚመራው የሰሜን አሜሪካ ምክር ቤትም የተቃወመው በዚሁ ነው። ተቃውሞው ልክ ነው። የቀሩት ልጆች የጠፉትን ይመስላሉ ወይ የሚለው ክፍት ጥያቄ ነው። ሁለተኛ፣ የመቁረጫ ነጥብ ዘዴ የሚናገረው መስመሩ አጠገብ ስላሉት ልጆች ነው። ከሁሉም ታች ስላለው፣ አንዲት ፊደል ስለማይለየው ልጅ ብዙ አይልም።

በሌላ በኩል እንግሊዝ አገር ሌላ ወሬ አለ። ለንደን ውስጥ በዚሁ ፕሮግራም ያለፉ ልጆች ከአሥር ዓመት በኋላ፣ 16 ዓመት ሲሞላቸው ተፈልገው ነበር። ጥናቱ በ2018 ሲወጣ፣ ከእነሱ 49 በመቶው እንግሊዝኛና ሒሳብን ጨምሮ አምስት ትምህርቶችን በጥሩ ውጤት አልፈዋል። ፕሮግራሙ ባልነበረባቸው ትምህርት ቤቶች ከነበሩ ተመሳሳይ ልጆች ግን ያለፉት 23 በመቶ ናቸው። እጥፍ ማለት ነው። ደስ ይላል፤ ግን እዚያ ዕጣም መቁረጫ ነጥብም አልነበረም። ፕሮግራሙን ያስገባው ትምህርት ቤት በሌላም ነገር የነቃ ሊሆን ይችላል። ልጁን የጠቀመው ፕሮግራሙ ይሁን ትምህርት ቤቱ፣ ለመለየት ይቸግራል።

እንግዲህ የኔ ሚዛን ይሄን ይመስላል። «ፕሮግራሙ ልጅ ይጎዳል» ለማለት አልደፍርም። «ያ የአንደኛ ክፍል ፍጥነት በራሱ ይዘልቃል» የሚለው ግን አሜሪካ ላይ ወድቋል። ለምን ወደቀ የሚለው ላይ ሦስት ግምት አለ፤ እኔን በጣም የሚከነክነኝ የመጀመሪያው ነው።

የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ በሥዕል የተሞላ ነው። ገጹ ላይ ፈረስ ተስሏል፤ ከሥሩ በእንግሊዝኛ «ሆርስ» ተጽፏል። ልጁ ሥዕሉን አይቶ «ፖኒ» ይላል። ትንሽ ፈረስ ማለት ነው፤ ትርጉሙ አልራቀም። በዚህ የአስተማሪነት መንገድ ልጁ ቃል ሲያቅተው ሥዕሉን እንዲያይ፣ ምን ቢባል እንደሚያስኬድ እንዲያስብ፣ የመጀመሪያውን ፊደል እንዲያይ ይበረታታል። ደጋፊዎቹ «ፊደልና ድምፅም እናስተምራለን» ይላሉ፤ እውነት ነው፣ ማግኔቶቹን አይተናል። ግን ግምት ለስድስት ዓመት ልጅ ፈጣን መንገድ ነው። ችግሩ አራተኛ ክፍል ላይ ሥዕሉ መጥፋቱ ነው። ገጹ በጽሑፍ ይሞላል፤ «ፎቶሲንተሲስ» የሚል ቃል ከሥሩ ምን ሥዕል ይኖረዋል? ቢኖርስ ማን ከሥዕል ይገምተዋል?

ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ያቺ እናት ወረቀቱን ባመጣች ዕለት ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አስነበብኩት። ጥሩ ሄደ። ቀጥሎ ሥዕሉን በመዳፌ ሸፈንኩት። ልጁ ወደ ጽሑፉ አላየም። እጄን አየ። ከዚያ ጣቶቼን አንድ በአንድ ማንሳት ጀመረ፣ እየሳቀ። በፊደል ክፍላችን «በ» ስለው «ቤት!» የሚለኝም እሱ ነው፤ ገበታው ላይ «በ» አጠገብ ቤት ስለተሳለ።

ሁለተኛው ግምት ልጁ ከወጣ በኋላ ስላለው ነገር ነው። ፕሮግራሙ ሲያልቅ «አገገመ» ይባላል፤ ስሙም ያንን ይላል። መምህሩ ፋይሉን ይዘጋል። ሦስተኛ ክፍል ላይ እንደገና ሲንገዳገድ «ይሄ ልጅ እኮ ድጋፍ ወስዷል» ይባላል። ሦስተኛው ግምት ለጥቂት ያመለጡት ልጆች ሌላ ዓይነት ድጋፍ፣ ምናልባትም ፊደልና ድምፅ ላይ ያተኮረ፣ ለረዘመ ጊዜ አግኝተው ይሆናል የሚል ነው። ያ ከሆነ ፕሮግራሙ የተወዳደረው ከባዶ ሜዳ ጋር አልነበረም።

ወደ አገር ቤት አንዴ ልሻገር። በ2010 ኢትዮጵያ ውስጥ በተደረገው ሰፊ የንባብ ምዘና፣ ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ልጁ አጭር ጽሑፍ ይሰጠዋል፣ ሰዓት ይያዝበታል፣ በ60 ሰከንድ ስንት ቃል እንዳነበበ ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ በሰባት የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች አዳዲስ መጻሕፍት ተዘጋጁ፣ መምህራን ሠለጠኑ፣ እንደገና ተቆጠረ። መቁጠሩን አልቃወምም፤ ያ 34 በመቶ ባይቆጠር ማንም አይደነግጥም ነበር። ግን እኛ ዘንድ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ሰዓት ያዡም ዕቃውን ሸክፎ አብሮ ይሄዳል። አሁን ያ የሁለተኛ ክፍል ልጅ አድጎ ሥራ ይዟል ወይም ሥራ ፈትቷል።

የሪዲንግ ሪከቨሪ ነገር ደግሞ በትውልድ ቦታው ተጠናቀቀ። በ2024 የኒውዚላንድ መንግሥት ለፕሮግራሙ ይሰጥ የነበረውን ገንዘብ እንደሚያቆም አሳወቀ፤ ከ2025 ጀምሮ በቅደም ተከተል ፊደልና ድምፅ የሚያስተምር ሌላ መንገድ ተተካ። የአሜሪካ ቤቱ ኦሃዮም በ2023 ከሥዕልና ከአገባብ ገምቶ ማንበብን የሚያስተምር ዘዴን በሕግ ከለከለች። ፕሮግራሙን የሚመራው የሰሜን አሜሪካ ምክር ቤት ክልሏን ፍርድ ቤት ገተራት። ትምህርት ላይ ሕግ አውጪ ሲገባ እኔ ደስ አይለኝም፤ ግን ነገሩ እዚያ ደርሷል።

ወደ እናትየው ልመለስ። ወረቀቱ ላይ የፕሮግራሙ ስም አልተጻፈም፤ ያው ይሁን ሌላ አላውቅም። «ፈርሚ» አልኳት። አንድ ልጅ በየቀኑ 30 ደቂቃ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ሲያነብለትና ሲያስነብበው እንዴት ይቅር ይባላል? ከፊርማው ጋር ግን ሦስት ነገር ጠይቂ አልኳት። ፊደሉን በድምፅ ገጣጥሞ እንዲያነብ በየቀኑ ስንት ደቂቃ ትሰጡታላችሁ? መሻሉን የምታውቁት በየትኛው ፈተና ነው፣ በራሳችሁ ወይስ በሌላ? ከፕሮግራሙ ከወጣስ በኋላ?

እንግሊዝኛዋ ስለማይበረታ ጥያቄዎቹን የጻፈችላት የስድስተኛ ክፍል ታላቅ ልጇ ናት። ሦስተኛዋን ልጅቷ በራሷ መንገድ አሳጠረቻት፤ «ሦስተኛ ክፍል ሲደርስ ማነው የሚያየው?» እናትየው ከሥሩ ፈረመች። ልጁ በሳምንቱ ድጋፉን ጀመረ፤ መምህርቷን ወዷታል። የሁለቱ ጥያቄዎች መልስ መጣ። የሦስተኛዋ እስካሁን አልመጣም።